የኢንዶኔዥያን ቋንቋ ከነባህሉ ለሕፃናት ማስተማር፦ በወሎ ላለ የአንደኛ ደረጃ መምህር የተዘጋጀ መመሪያ

«ተሪማ ካሲህ» የሚለውን ሐረግ ለ2ኛ ክፍል ልጆች «አመሰግናለሁ ማለት ነው» ብለን ብናልፈው፣ ልጆቹ ድምፁን በአንድ ቀን ይይዙታል፤ ከዚያ ያለፈ ነገር ግን አይይዙም። ሐረጉ ሲፈታ «ተሪማ» መቀበል፣ «ካሲህ» ደግሞ ፍቅር ነው። የሚሰጠው መልስ «ሳማ ሳማ» ይባላል፤ «ሳማ» እኩል ወይም አንድ ዓይነት ማለት ስለሆነ፣ ምስጋናው ወደ አመስጋኙም ይመለሳል። በደሴ ከተማ፣ በአንድ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የቋንቋ ክበብ ውስጥ ይህን ቋንቋ ማስተማር ስጀምር፣ ሰሌዳውን ለሁለት ከፍዬ በግራ ኢንዶኔዥያኛውን፣ በቀኝ አማርኛውን እየጻፍኩ ልጆቹን አስጠናቸው ነበር። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ አንዱ ልጅ ጠመኔ ስሰጠው ፊቱን ወደ ጓደኛው እንዳዞረ በግራ እጁ ተቀብሎኝ «ተሪማ ካሲህ» አለኝ። ቃሉን በትክክል ተናግሯል፤ ይሁን እንጂ በኢንዶኔዥያ እንዲህ አድርጎ የሚያመሰግን ልጅ እንዳልተገራ ይቆጠራል፣ በወሎም እንዲሁ። ጥፋቱ የእኔ እንጂ የልጁ አልነበረም፤ ቃሉን ከሚነገርበት አጋጣሚና ከሚያጅበው የሰውነት ሥርዓት ነጥዬ ያስተማርኩት እኔ ነኝና።

ከዚህ ቀጥሎ የምጽፈው ያንን ካረምኩ በኋላ የተከተልኩት መንገድ ነው። የሚያገለግለው ከ1ኛ እስከ 4ኛ ክፍል ላሉ ልጆች ሲሆን፣ በሳምንት ሁለት ጊዜ ግማሽ ግማሽ ሰዓት ቢገኝ ይበቃል። ቋንቋው በመደበኛው ሥርዓተ ትምህርታችን ውስጥ ስለሌለ ፈተናም ሆነ ነጥብ አያስፈልገውም፤ ይህም መምህሩን ከጥድፊያ ያድነዋል።

መምህሩ አስቀድሞ ሊያውቃቸው የሚገቡ ጥቂት ነገሮች

ኢንዶኔዥያ ከ17,000 በላይ ደሴቶችና ከ700 በላይ የአካባቢ ቋንቋዎች ያሏት አገር ናት። ዛሬ የጋራ ቋንቋ የሆነው ኢንዶኔዥያኛ የተመሠረተው በወደቦችና በገበያዎች ሕዝቦችን ሲያገናኝ በኖረው በማላይ ቋንቋ ላይ ነው። በጥቅምት ወር 1928 እ.ኤ.አ. የተሰበሰቡ ወጣቶች አንድ አገር፣ አንድ ሕዝብ፣ አንድ የአንድነት ቋንቋ ብለው ቃል ገቡበት፤ በ1945 እ.ኤ.አ. ነፃነት ሲታወጅም በሕገ መንግሥቱ የመንግሥት ቋንቋ ሆነ። በአገሩ ሕዝብ ቁጥር ትልቁን ድርሻ የያዙት የጃቫ ሰዎች ሲሆኑ፣ የተመረጠው ግን የእነርሱ ቋንቋ አይደለም። ከእኛ ጋር የሚያገናኘው ታሪክም አለ፤ በሚያዝያ 1955 እ.ኤ.አ. በባንዱንግ ከተማ በተካሄደው የእስያና የአፍሪካ አገሮች ጉባኤ ላይ ከተገኙት 29 አገሮች አንዷ ኢትዮጵያ ነበረች።

እነዚህን ዓመታት ለሕፃናቱ መንገር አያስፈልግም። መምህሩ ሊያውቃቸው የሚገባው፣ ልጆቹ «ሰዎቹ ቤታቸው የሚናገሩት ይህንን ነው?» ብለው መጠየቃቸው ስለማይቀር ነው። ብዙዎቹ ኢንዶኔዥያውያን ቤታቸው ጃቫኛ፣ ሱንዳኛ ወይም ሌላ ቋንቋ እየተናገሩ፣ ትምህርት ቤትና መሥሪያ ቤት ኢንዶኔዥያኛ ይጠቀማሉ። በባቲና በከሚሴ አካባቢ አማርኛንና አፋን ኦሮሞን አብሮ እየሰማ ያደገ ልጅ ይህን ለመረዳት ማብራሪያ አይሻም፤ እንዲያውም ለሌሎቹ እንዲያብራራ ዕድሉ ቢሰጠው መልካም ነው።

በጆሮ መጀመር

በመጀመሪያዎቹ አራት ሳምንታት ምንም ነገር እንዳይጻፍ አጥብቄ እመክራለሁ። ኢንዶኔዥያኛ የሚጻፈው በላቲን ፊደል ነው፤ ልጆቹ ደግሞ ፊደሉን የሚያውቁት በእንግሊዝኛ ክፍለ ጊዜ ስለሆነ፣ ያዩትን ሁሉ በእንግሊዝኛ ንባብ ያበላሹታል። «ሲ» የሚባለው ፊደል በኢንዶኔዥያኛ ሁልጊዜ «ች» ተብሎ ይነበባል፤ ከ1972 እ.ኤ.አ. የፊደል አጻጻፍ ማሻሻያ ወዲህ ይኸው ነው ደንቡ። ጆሮ አስቀድሞ ከለመደ ግን ፊደሉ ሲመጣ ይታዘዛል።

በድምፅ ረገድ የአማርኛ ተናጋሪ ልጅ ብዙ ዕድል አለው። ሰላምታ በሚሰጥበት ቃል በ«ሰላማት» መጀመሪያ ላይ ያለውን አጭር ድምፅ ሌሎች ብዙ ሲደክሙበት፣ እኛ በግዕዝ «ሰ» ብቻ ጽፈን እንቀርበዋለን፤ «ኝ»ም የእኛው ድምፅ ነው። ችግሩ ያለው በሌላ በኩል ነው። «ፓ» በልጆቹ አፍ ላይ «ባ» ወይም «ጳ» እየሆነ «አፓ» ማለትም «ምን» የሚለው ቃል «አባ» ይሆናል። «እኛ» የሚለው «ኪታ» ደግሞ ወደ «ቂጣ» ያዘነብላል፤ ልጆቹም ይስቃሉ፤ ሳቁን ሳይከለክሉ «ክ» እና «ቅ»ን ለማለማመድ መጠቀም ይሻላል። «ሲያንግ» በሚል ቃል መጨረሻ ላይ ያለው ድምፅ በአፍንጫ ውስጥ ይቀራል እንጂ «ግ» ተብሎ አይረገጥም። «ባፓክ» በሚለው ቃል መጨረሻ ያለውም «ክ» ጉሮሮ ላይ ተቆርጦ ይቀራል።

ለመጀመሪያው ቀን አንድ ጥያቄ ይበቃል፦ «ከእናንተ መካከል የኢንዶኔዥያ ቃል የሚያውቅ አለ?» ማንም እጁን አያወጣም። ከዚያ በየሱቁ የሚሸጠውን የ«ኢንዶሚ» እሽግ አውጥቶ ማሳየት ነው፤ «ኢንዶ» የአገሩ ስም ቁራጭ ነው፣ «ሚ» ደግሞ ቃሪያና ቅመም ተጨምሮበት የሚበሉት ያ ረጅም ፓስታ መሰል ምግብ። ልጆቹ ሳያውቁት ቃሉን ሲጠሩት እንደኖሩ ሲገነዘቡ ቋንቋው የሩቅ መሆኑ ይቀራል።

ቀናቱን በሰኞ ማክሰኞ ጨዋታ ማስተማር

የሳምንቱ ቀናት ለወሎ ልጅ ከሁሉ የቀለለ በር ናቸው፤ በትምህርት ቤታችን ግቢ ውስጥ በጠጠር እየተጣለ፣ በአንድ እግር እየተዘለለ የሚጫወቱት ሰኞ ማክሰኞ በኢንዶኔዥያም አለና፤ እዚያ «እንግክለክ» ይባላል። ሳጥኖቹን መሬት ላይ ጭሮ እየዘለሉ «ሰኒን፣ ሰላሳ፣ ራቡ፣ ካሚስ፣ ጁማት፣ ሳብቱ፣ ሚንጉ» ማስባል ነው። ልጆቹ ራቡ ረቡዕን፣ ካሚስ ሐሙስን እንደሚመስል ሳይነገራቸው ያገኙታል። መምህሩ ምክንያቱን በአጭሩ ይንገራቸው፦ ኢንዶኔዥያኛ እነዚህን ስሞች የወሰደው ከዐረብኛ ነው፤ ዐረብኛና ግዕዝ ደግሞ ዘመዳሞች ናቸው፤ ሁሉም ከእሑድ ጀምረው ስለሚቆጥሩ ሰኞ ሁለተኛ፣ ረቡዕ አራተኛ፣ ሐሙስ አምስተኛ ቀን ነው። «ሰላሳ» ሲባል ልጆቹ ቁጥር የተጠራ ይመስላቸዋል፤ ስሕተታቸውም ባዶ አይደለም፣ ሠላሳ ከሦስት ይወለዳል፣ ሰላሳም ሦስተኛው ቀን ነው። ከተራው የሚወጣው ሚንጉ ነው፤ እርሱ የመጣው ከፖርቱጋሎች ነው፣ ምንም እንኳ «አሃድ» የሚሉም ቢኖሩ። «ሰኒን» ሲባል ሰኞ ከሚውለው ከባቲ ገበያ ጋር ማሰር ከማንኛውም ሥዕል በላይ ያስታውሳል።

በወሎ እንዲህ ያለ ድልድይ ብዙ ነው። «ካባር» ወሬ ነው፣ ኸበር እንደምንለው፤ ስለዚህ «አፓ ካባር?» ሲሉ «ምን ወሬ?» ብለው ስለ ደኅንነታችን እየጠየቁን ነው። «ወክቱ» ወቅት፣ «ዱንያ» ዱንያ፣ «ሳባር» ሰብር፣ ማለትም ትዕግሥት ነው። ነገር ግን ከዚህ ላይ ጥንቃቄ ያሻል። መመሳሰል የሚያግዘውን ያህል ያታልላል፤ «ዱዋ» ሁለት ማለት እንጂ ዱዓ አይደለም፣ ዱዓን «ዶአ» ይሉታል። «ኪታብ» መጽሐፍ ነው እንጂ በአንገት የሚታሰር ክታብ አይደለም። «ማታ» ዓይን ነው፤ ከ«ሃሪ» ማለትም ከቀን ጋር ሲጣመር «ማታሃሪ» ይሆናል፣ የቀን ዓይን፣ ፀሐይ ማለት ነው። ይህን ለልጆች ስነግር ክፍሉ ጸጥ ይላል፤ ከዚያ ሁሉም ዓይን ያላት ፀሐይ መሣል ይፈልጋሉ፣ ይሣሉ።

ሌላው ጥንቃቄ እምነትን ይመለከታል። በዐረብኛ ቃላቱ ብዛት ሙስሊም ልጆች ቋንቋውን የራሳቸው፣ ክርስቲያን ልጆች የሌላ አድርገው እንዳያዩት መምህሩ ከመጀመሪያው ቀን ይጠንቀቅ። የኢንዶኔዥያ ሕዝብ አብዛኛው ሙስሊም ቢሆንም፣ ክርስቲያኖች አሉ፣ የባሊ ደሴት ሰዎች በብዛት ሂንዱዎች ናቸው፤ «ሰላማት» የሚለው ቃል የሁሉም ነው። ለኢድ «ሰላማት ኢዱል ፊትሪ»፣ ለገና «ሰላማት ናታል» ይባላል። በዓል ሲመጣ ጎረቤት ከጎረቤት በሚጠራራበት በወሎ ያደጉ ልጆች ሁለቱንም እየተለዋወጡ ቢለማመዱት አይከብዳቸውም።

ሰውን መጥራትና መቀበል

ሰላምታው እንደ አማርኛው ሰዓት ይከተላል። በእኛ አቆጣጠር እስከ ረፋዱ 4 ወይም 5 ሰዓት ድረስ «ሰላማት ፓጊ»፣ ከዚያ እስከ 9 ሰዓት ግድም «ሰላማት ሲያንግ»፣ ፀሐይ እስክትጠልቅ «ሰላማት ሶሬ»፣ ከጨለመ በኋላ «ሰላማት ማላም» ነው። «እንደምን አደርክ» እና «እንደምን ዋልክ»ን ለሚለይ ልጅ ይህ አዲስ አይደለም።

አዲስ የሚሆንበት የመጠሪያው ሥርዓት ነው። አስተማሪን «ባፓክ» ወይም በአጭሩ «ፓክ» (አባት)፣ ሴት ከሆነች «ኢቡ» ወይም «ቡ» (እናት) ብሎ መጥራት ይገባል፤ ታላቅን በባዶ ስሙ መጥራትና «ካሙ» (አንተ) ማለት ነውር ነው። ልጆቹ አንቱ የሚባለውንና አንተ የሚባለውን ከቤታቸው ለይተው ስለሚመጡ ስሜቱን ወዲያው ያገኙታል። ልጆች እጅ የሚነሱበትን ልማድም በድርጊት ማሳየት ያስፈልጋል፦ ኢንዶኔዥያዊ ተማሪ ትምህርት ቤት ሲገባና ሲወጣ የመምህሩን ቀኝ እጅ ይዞ ወደ ግንባሩ ያስጠጋል፤ ይህም «ሳሊም» ይባላል። የእኛ ልጅ የአያቱን ጉልበት ወይም እጅ እንደሚስመው ማለት ነው። በተቀመጡ ሰዎች ፊት ማለፍ ካለበት ደግሞ ጎንበስ ብሎ፣ ቀኝ እጁን ወደ ታች ዘርግቶ «ፐርሚሲ» እያለ ያልፋል። በተለይ በጃቫ አቅጣጫን በአመልካች ጣት ከመጠቆም ይልቅ በአውራ ጣት ማሳየት ጨዋነት ነው። እነዚህን ሦስቱን በየክፍለ ጊዜው መግቢያና መውጫ ላይ እውነተኛ ሥርዓት አድርጎ መትከል እንጂ እንደ ድራማ አንድ ቀን አሳይቶ መተው አይጠቅምም። በእኔ ክፍል ዘግይቶ የመጣ ልጅ በጓደኞቹ ፊት የሚያልፈው «ፐርሚሲ» ብሎ ነው።

ሁለቱ «እኛ»ዎችና ጾታ የሌለው «ዲያ»

ብዙ ጊዜ እንዲሰጥበት የምፈልገው ክፍል ይህ ነው፤ ሌላ ቋንቋ ዓለምን በሌላ መንገድ እንደሚከፋፍል ልጅ በገዛ ራሱ የሚያገኘው እዚህ ላይ ነውና። አማርኛ «እኛ» ሲል የሚያናግረውን ሰው ይጨምር አይጨምር አይናገርም። ኢንዶኔዥያኛ ግን ይለያል፤ «ኪታ» የሚለው የማናግርህን አንተንም ጨምሮ ሁላችንን ሲሆን፣ «ካሚ» አንተን ሳይጨምር እኛ ማለት ነው። ይህን በቃል ማስረዳት ሕፃናትን ያደናግራል። ስለዚህ ክፍሉን ለሁለት ከፍሎ መሐል ላይ በኖራ መስመር ማስመር ነው። አንዱ ቡድን ወደ ሌላው ዞሮ «ካሚ» ሲል እጁን ወደ ራሱ ደረት ይሰበስባል፤ «ኪታ» ሲል ሁለት እጁን ዘርግቶ ማዶ ያሉትን ያቅፋል፣ እነርሱም መስመሩን ተሻግረው ይመጣሉ። ከዚያ መምህሩ ዓረፍተ ነገሮችን በአማርኛ ይጥላል፦ «እኛ ነገ ሐይቅ እንሄዳለን» ሲል ልጆቹ መልሰው ይጠይቁት፣ «ካሚ ነው ኪታ?» አንዲት ልጅ ይህን ጨዋታ ከተጫወትን በኋላ፣ ታላላቆቿ «እኛ ገበያ እንሄዳለን» ሲሏት እርሷን ይጨምር እንደሆነ አለማወቋ ሁልጊዜ ያስከፋት እንደነበር ነገረችኝ። ከዚያ የበለጠ ማስረዳት አልችልም።

«ዲያ» ደግሞ እርሱም እርሷም ነው። በአማርኛ «መጣ» ወይም «መጣች» ሳንል አንድ ሰው መምጣቱን መናገር ይቸግረናል፤ በኢንዶኔዥያኛ «ዲያ ዳታንግ» ካሉ በቃ፣ ወንድም ይሁን ሴት ከንግግሩ አይታወቅም። በአንጻሩ እነርሱ ወንድምና እህትን ሲጠሩ ዘወትር የሚለዩት በዕድሜ ነው፤ «ካካክ» ታላቅ፣ «አዲክ» ታናሽ ሲሆን፣ ወንድነትና ሴትነት የሚጨመረው ካስፈለገ ብቻ ነው። ልጆቹ የቤተሰባቸውን አባላት በጠጠር ደርድረው መጀመሪያ እንደ አማርኛው በወንድና በሴት፣ ቀጥሎ እንደ ኢንዶኔዥያኛው በታላቅና በታናሽ ይክፈሏቸው። ያው ቤተሰብ በሁለት መልክ ሲደረደር በዓይናቸው ያያሉ።

ከነዶ እስከ እንጀራ፣ ከ«ፓዲ» እስከ «ናሲ»

ሩዝ ለእኛ አንድ ቃል ነው። ለኢንዶኔዥያውያን ግን ማሳ ላይ ያለው «ፓዲ»፣ ተወቅቶ ገና ያልተፈለፈለው «ጋባህ»፣ ተፈልፍሎ ለማብሰል የተዘጋጀው «በራስ»፣ በስሎ ሳሕን ላይ የቀረበው «ናሲ» ነው። ገበያ ሄዶ «ናሲ» አይሸምቱም፣ እራት ላይ «በራስ» አይበሉም። ይህን ለማስተማር ሩዝ ይዞ መምጣት ሁለተኛ ነገር ነው፤ አስቀድሞ የጤፍ ዛላ፣ ጥቂት የጤፍ ፍሬ፣ ዱቄትና ቁራሽ እንጀራ በአራት ሣህን አቅርቦ የእያንዳንዱን ስም ማስጠራት ያስፈልጋል። «ጤፍ በላሁ ይባላል?» ተብለው ሲጠየቁ ልጆቹ ይስቃሉ። ያን ጊዜ አራቱን የሩዝ ቃላት ማቅረብ ነው። አንድ ሕዝብ የሚኖርበትን እህል በየደረጃው ስም እንደሚያወጣለት ስለ ባህል ምንም ሳንሰብክ ገባቸው ማለት ነው።

ከምግብ ሳንወጣ፣ «ሱዳህ ማካን?» (በልተሃል?) የሚለውን ጥያቄ እናክልበት። ያልበላ ሰው «ቲዳክ» (አይደለም፣ አልበላሁም) ብሎ አይመልስም፤ «በሉም» ይላል፣ «ገና ነኝ» እንደማለት። አማርኛችን ይህን «ገና» ስላለው ልጆቹ ወዲያው ይይዙታል፤ ነገር ግን ገና ሊሆን በሚችል ነገር ሁሉ ላይ «በሉም» ማለት እንደሚጠበቅ በተደጋጋሚ ጥያቄ ማለማመድ ይሻላል።

ቁጥርን ለማስተማር ገበጣ ይበቃል። የእነርሱ ገበጣ «ቾንግክላክ» ይባላል፤ በየወገኑ 7 ጉድጓድ፣ በሁለቱ ጫፍ አንድ አንድ ትልቅ ጉድጓድ ሲኖረው፣ በየትንሹ ጉድጓድ 7 ጠጠር ተጨምሮ በጠቅላላው 98 ይሆናል። ትልቁ ጉድጓድ «ሉምቡንግ» ማለትም ጎተራ ነው፤ ተጫዋቹ ሲዘራ በራሱ ጎተራ አንድ እየጣለ፣ የባላጋራውን እየዘለለ ያልፋል። በየጠጠሩ «ሳቱ፣ ዱዋ፣ ቲጋ፣ እምፓት፣ ሊማ፣ እናም፣ ቱጁህ» እየተባለ ይቆጠራል።

ሆድና ጉበት፣ ጅጌና ጎቶንግ ሮዮንግ

ለ3ኛና ለ4ኛ ክፍል ልጆች ወደ ረቂቁ ትርጉም መሻገር ይቻላል። «ሃቲ» ጉበት ነው፤ ስሜትም የሚያድረው እዚያ ነው። «ሳኪት ሃቲ» ቃል በቃል ጉበቱ ታመመ ሲሆን ፍቺው ቅያሜ፣ የልብ ማዘን ነው፤ «ረንዳህ ሃቲ» ዝቅ ያለ ጉበት፣ ማለትም ትሑት። ልጆቹ «ጉበት?» ብለው ሲገረሙ፣ «ሆዴ ባባ»፣ «አንጀቴን በላው» የምንለውን እናስታውሳቸው፤ የእኛን ለሚሰማ ኢንዶኔዥያዊም የሚገርመው ያው ነው። ቃሉ ሲደገም «ሃቲ ሃቲ» ይሆናል፣ ተጠንቀቅ ማለት ነው። በኢንዶኔዥያኛ መደጋገም ብዙ ጊዜ ብዛትን ያመለክታል፤ «አናክ» ልጅ፣ «አናክ አናክ» ልጆች፤ የእኛም «ትልቅ» ብዙ ሲሆን «ትልልቅ» እንደሚባለው። «ሃቲ ሃቲ»ን ግን ጉበቶች ብሎ መተርጎም አይቻልም፤ የደንቡ ወሰን ከዚህ ላይ ይታያል።

«ጎቶንግ ሮዮንግ» ኢንዶኔዥያውያን ስለ ራሳቸው ሲናገሩ ደጋግመው የሚያነሱት ቃል ነው፤ በኋላ የአገሪቱ የመጀመሪያ ፕሬዚዳንት የሆኑት ሱካርኖ በሰኔ 1 ቀን 1945 እ.ኤ.አ. ባደረጉት ንግግር የአገሪቱን አምስት መሠረተ ሐሳቦች አንድ አድርጌ ልጭመቃቸው ብል ጎቶንግ ሮዮንግ ይሆናሉ ብለው ነበር። «ጎቶንግ» አንድን ነገር ተባብሮ መሸከም ነው። ስለዚህ ከክፍሉ ከባዱን አግዳሚ ወንበር ለአንድ ልጅ «አንሣ» ማለት፣ ሲያቅተው ስምንት ሆነው እንዲያነሡት ማድረግ፣ ቃሉንም ያን ጊዜ ብቻ መስጠት ይገባል። ቀጥሎ በሰፈራቸው ይህን የሚመስል ምን እንዳለ ይጠየቁ፤ አንዱ ጅጌ፣ ሌላው ወንፈል፣ ሌላው ቅሬ (እድር) ይላል፣ በሽተኛ በቃሬዛ ተሸክመው ሲያልፉ ያየም ይኖራል። መምህሩ «ልክ ነው፣ ያው ነው» ብሎ እንዳይዘጋው። በጅጌ ባለቤቱ ይደግሳል፤ ወንፈል በተራ የሚመለስ ጉልበት ነው፤ ቅሬ አባልና ደንብ አለው፤ ጎቶንግ ሮዮንግ ግን የሰፈርን መንገድና ቦይ ለማጽዳት የሚወጣበትንም ይጨምራል። ልጆቹ የትኛው በየት በኩል እንደሚቀርበው ሲከራከሩ ደወሉ ቢደወልም አይክፋን።

የመጨረሻውን ክፍለ ጊዜ «ታናህ አይር» ለሚለው ቃል አቆየዋለሁ። «ታናህ» መሬት፣ «አይር» ውሃ ነው፤ ሁለቱ ሲጣመሩ የትውልድ አገር ማለት ይሆናል። ባሕር አይቶ ለማያውቅ ልጅ አገር እንዴት ውሃ እንደሚሆን ለማስረዳት፣ ቀድሞ ደሴት የነበረውን የሐይቅ እስጢፋኖስን ሥዕል ሰሌዳ ላይ እሥላለሁ፤ ከዚያ እንደዚያ ያሉ 17,000 ደሴቶች በጨው ውሃ ላይ ተበትነው፣ ሰዎቹ በጀልባ ሲጠያየቁ እንዲያስቡ እጠይቃቸዋለሁ። ባለፈው ዓመት ይህን ስጨርስ ከኋላ የተቀመጠ የ4ኛ ክፍል ልጅ እጁን አውጥቶ፣ «እኛስ የወንዜ ልጅ እንል የለ?» አለኝ።